የሻንቆ እጅና የአቶ ሐብተማርያም ምላጭ

በ1951 ዓ.ም. ሶዶ ውስጥ ጢሙን በሰው እጅ መላጨት የፈለገ ወንድ ምርጫው ሦስት ነበር። ከሦስቱ ፀጉር አስተካካዮች የአንዱ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ወሬ ይወዳል፤ ሲያወራ ደግሞ ምላጩን እንደያዘ እጁን ያወናጭፋል። ሦስተኛው ወልደመስቀል ነው። የወልደመስቀል እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ወሬም አያበዛም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይሄድ ነበር። የእሱ ፀጉር ቤትና የእኔ የስፌት መኪና በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበሩ። እሱ ውስጥ ይላጫል፣ እኔ በረንዳው ላይ እሰፋለሁ።

የወልደመስቀል ሀብት አንድ ታጣፊ ምላጭ ነበር። ስለቱ የውጭ አገር ብረት፣ እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው። ከአዲስ አበባ ሲያመጣው በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ይዞት እንደመጣ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል። ወሬ አያበዛም ያልኩት ስለ ሌላ ነገር ነው።

በኅዳር አንድ ቀን ከገሱባ የመጣ ነጋዴ እየተላጨ ሳለ አስነጠሰው። ወልደመስቀል የሰውዬውን ጉሮሮ ለማዳን ሲል ምላጩን ወደ ኋላ ወረወረው። ጉሮሮው ተረፈ። ምላጩ የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ አረፈና እጀታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ነጋዴው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን እንዳለ ይዞ ወደ ገሱባ ተመለሰ።

ወልደመስቀል እጀታውን በክር ጠመጠመው። ሳሙናና ውሃ ሲነካው ክሩ ላላ። በሽቦ አሰረው፤ ሽቦው መዳፉን ቧጠጠው። «እጄ ውስጥ ይንቀሳቀሳል» አለኝ። እጅ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምላጭ ሰው አንገት ላይ አይወጣም። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሦስት ቀን ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሐዘን የደረሰበት ይመስል ሰዎች እየመጡ አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጡና ይሄዱ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሻይ የምትሸጥልን ጥሩዬ «ቅዳሜ ገበያ ከከብት ተራው ጀርባ የቀንድ ማንኪያና ዋንጫ የሚሸጥ ሰው አለ። ሻንቆ ይባላል። እጀታው ቀንድ ከሆነ ለምን ለእሱ አታሳየውም?» አለችው።

ወልደመስቀል መልስ አልሰጣትም። ለምን እንዳልመለሰላት ሁላችንም እናውቃለን። በዚያን ዘመን በእኛ አገር ቀንድ የሚጠርብ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥና ቆዳ የሚያለፋ ሰው ለብቻው ነበር። ቤቱ አይገባም፤ ከእሱ ጋር አይበላም። የሠራውን ማንኪያ አፋችን ውስጥ እንከታለን፣ እሱን ግን ገበታችን አናቀርበውም። ይህን ማን እንደደነገገው የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን የወልደመስቀል የራሱ ጢም አድጎ ነበር። ሄዶ ጠራው።

ሻንቆ ሠላሳ ዓመት ያህል ይሆነዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን ከተናጋሪው አፍ የማይነቅል ሰው ነው። ቤቱ በገሱባ መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የቤቱ ቋንቋ ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን ገበያ ውስጥ ነው የለቀመው። አማርኛው ውስጥ ወንድና ሴት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቢሆንም የተናገረው ያልገባው ሰው አላየሁም። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ማንም ግባ አላለውም። በረንዳው ላይ ቆሞ ምላጩን ተቀበለ፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ጫረው፣ እንደገና አሸተተው።

«ጎሽ ናት» አለ።

«ምኑ?» አለ ወልደመስቀል።

«ቀንዱ። የጎሽ ናት። ጥሩ እንስሳ ነበረች።»

«ይጠገናል ወይ?»

«ተሰነጠቀች እንጂ አልሞተችም።»

እኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ከቆዳ ከረጢቱ ዕቃዎቹን አወጣ። ከሰዓት ሞላ የሠራት ቀጭን መጋዝ፣ ሁለት ሞረድ፣ አንድ ቅል ሙሉ የጥድ ሙጫ፣ የሰም ቁራጭና ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የጥይት ቀለህ ነበሩት። እጀታውን ከስለቱ ጋር የያዙትን ትንንሽ ምስማሮች አወለቀ፤ የቆየውን ሳሙናና ቅባት በአመድና በሙቅ ውሃ አጠበ። ቀጥሎ መጋዟን አንሥቶ ስንጥቁን የበለጠ መክፈት ጀመረ።

ወልደመስቀል ጮኸ። «ምን እያደረግህ ነው? እኔ ዝጋው አልኩህ እንጂ ክፈተው አልኩህ?»

«ጠባብ ናት፤ ሙጫ አይገባም» አለ ሻንቆ ቀና ሳይል። «ላይዋ ጠባብ፣ ታችዋ ሰፊ ትሆናለች። ያኔ የገባው አይወጣም።»

ቀለሁን በሞረድ ፈግፍጎ የናሱን ብናኝ ወረቀት ላይ አጠራቀመ። ሙጫና ሰሙን በጣሳ ከሰል ላይ አቀለጠ። ብናኙን ስንጥቁ ውስጥ ነሰነሰ፣ የቀለጠውን አፈሰሰበት፣ ሳይበርድ በጋለ ሽቦ ጠቅጥቆ አስገባው። ሲደርቅ ፋቀው፤ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በአመድ፣ በመጨረሻ በቅቤና በጨርቅ አሸው። ስንጥቁ የነበረበት ቦታ ላይ ቢጫ መስመር ወጣ፤ ጥቁሩ ቀንድ ላይ ወርቅ የተሰመረበት ይመስል ነበር።

ወልደመስቀል እጁን ዘረጋ። ሻንቆ አልሰጠውም።

«መስመሯ ብቻዋን ጠባሳ ትመስላለች» አለ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ፀጉር የሚያካክሉ ቀጫጭን ጭረቶች እያወጣ እነሱንም በናስ ሞላቸው። ሲጨርስ እጀታው ላይ የእንሰት ቅጠል ነበረ፤ ስንጥቁ መካከለኛው ግንድ፣ ጭረቶቹ ደም ሥሮቹ ሆነው። ወላይታ ውስጥ ከቤቱ ጓሮ እንሰት የሌለው ሰው ስለሌለ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

«ፈላ ውሃ አታስነካት» ብሎ አስረከበው፣ ከረጢቱን አነሣና ሄደ።

የገሱባው ነጋዴ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ጢሙ ግን በሁለቱም በኩል እኩል አድጎ ስለነበር ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ምላጩን አይቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተቀበለው፤ እስኪበቃው አገላብጦ ሳያይ አልመለሰም። ከዚያ ወዲያ የወልደመስቀል ደንበኛ ሁሉ ከመላጨቱ በፊት ምላጩን አሳየኝ ማለት ጀመረ። ሁለቱ ፀጉር አስተካካዮች የተሰነጠቀ እጀታቸውን ይዘው መጡ። ከሃላሌ አንድ መምህር የአባቱን ምላጭ በመሐረብ ቋጥሮ ቀን ሙሉ ተጉዞ አመጣ። ሻንቆ ከመኪናዬና ከበረንዳው ምሰሶ መካከል ቦታ ያዘ። የሚቀመጥበትን ጉማጅ ግንድ ራሱ ተሸክሞ ነው ያመጣው።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ሠራን። በመርፌዬ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ የሚያስገባልኝ እሱ ነው። ምሳ ሲደርስ ግን እኔና ወልደመስቀል ውስጥ ገብተን እንበላለን፤ ሻንቆ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ከቤቱ ያመጣውን ቆጮና ጎደሬ ይበላል። ማንም አትግባ አላለውም፤ እሱም ልግባ ብሎ አያውቅም። ጥሩዬ ሻይ የምትቀዳልን በብርጭቆ ነው። ለሻንቆ በራሱ የቀንድ ዋንጫ ትቀዳለታለች፤ ብርጭቆዋን እንዳይነካ ነው። ዋንጫው ከብርጭቆዎቿ ሁሉ ያምር ነበር። ይህንንም ማንም አላነሣም።

በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አቶ ሐብተማርያም መጡ። አቶ ሐብተማርያም በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። በሕይወታቸው ፊርማ የጎደለው ወረቀት አሳልፈው አያውቁም ይባላል። ከኪሳቸው ነጭ እጀታ ያለው ምላጭ አወጡ።

«የዝሆን ጥርስ ነው» አሉ፤ መንገዱ ማዶ ያለው ሰው ጭምር እንዲሰማ። «ቅጠሉን ሥራልኝ።»

ሻንቆ ተቀብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። «ስንጥቁ የት አለች?»

«ስንጥቅ የለውም።»

«እንግዲያ ምን እሞላለሁ?»

«አንተው ሰንጥቀህ ሙላ።»

ሻንቆ ምላጩን አጥፎ መለሰላቸው። «ይህች ጤነኛ ናት። ጤነኛ አልሰብርም። አባቴም ሰብሮ አያውቅም። ስትሰነጠቅ ያምጧት፤ እዚሁ ነኝ።»

አቶ ሐብተማርያም ቀላ፣ ጠቆር፣ እንደገና ቀላ አሉና ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። እጀታው ከአንድ ወገን ተሰንጥቋል።

«ወደቀብኝ» አሉ።

«ስንት ጊዜ?» አለ ሻንቆ።

በኋላ ሠራተኛቸው ለጥሩዬ እንደነገረቻት ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛ፣ አንድ ጊዜ ከቁምሳጥን ላይ ወድቆ አልሰነጠቅ ብሏል። የተሰነጠቀው በአራተኛው፣ ከግቢው ጉብታ ወደ ድንጋይ ሲወድቅ ነው።

እጀታው በስለቱ ግራና ቀኝ ሁለት ገጽ ነበረው። ሻንቆ የተሰነጠቀውን ገጽ ፈትቶ ወሰደ፤ ደህናው ገጽ ከነስለቱ አቶ ሐብተማርያም ዘንድ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ጀመረ። እኔ የካኪ ሱሪ እሰፋ ነበር። የደንበኞቼ ጨርቅ፣ አቡጀዲውም ካኪውም፣ ከሻንቆ እግር ሥር ተቆልሏል። ስንጥቁን ሲከፍት «ይህች እንስሳ እንስሳ አትሸትም» ሲል ሰማሁት። ብናኙን ነሰነሰ፤ ሙጫውን አፈሰሰ፤ የጋለውን ሽቦ አንሥቶ አስጠጋ።

ፍሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል እጁ ውስጥ ነበልባል አለ። እጀታው እንደ ክብሪት ነደደ፤ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ጭስ በረንዳውን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። ሻንቆ ቁልቁል አየ፤ እግሩ ሥር ጨርቄ አለ። ከግንዱ ተነሣ፤ የሚነደውን ነገር በእጁ እንደያዘ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ተራምዶ መንገዱ ላይ ጣለው። ከዚያ በኋላ ነው «ውይ» ያለው።

ሐኪም ቤት አውራ ጣቱን፣ አመልካች ጣቱንና የመካከለኛውን ጣት በፋሻ ጠቅልለው ላኩት። እኔ ጨርቄን ቆጠርኩ፤ አንድም አልተቃጠለም።

አቶ ሐብተማርያም መጥተው አመዱን አዩ። ቀጥሎ ያሉት ቃል ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ገበያውን ዞረ። «የዝሆን ጥርስ በቡዳ ዓይን ካልሆነ በምን ይነድዳል?» ነው ያሉት።

ከተማው ጥያቄው ከበደው። በሻንቆ የተጠገነ ምላጭ ያላቸው ሁሉ ምላጫቸውን በጥርጣሬ ያዩ ጀመር። እጁ የሚንቀጠቀጠው ፀጉር አስተካካይ የራሱን ለጥንቃቄ ውሃ ውስጥ አሳደረው። ዛገ። መዛጉም በሻንቆ ዓይን ተሳበበ። አቶ ሐብተማርያም ሻንቆ ከበረንዳው እንዲነሣላቸው ሲጠይቁ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ጦና ናቸው፤ ገበሬና የጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ እሑድ እሑድ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ እንደሆነ የሚያስተምሩ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ አዛውንት።

አቶ ሐብተማርያም ክሳቸውን ከወረቀት አነበቡ። ሻንቆ እንዲናገር ሲፈቀድለት የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ጌቶቼ፣ እኔ ቀንድ አውቃለሁ፣ አጥንትም አውቃለሁ። ይህችን አላውቃትም። ግማሿ አሁንም እርሳቸው ጋር ናት። እሳት ይምጣና እንያት።»

ጥሩዬ ፍም በገል አመጣች። ሻንቆ መጀመሪያ የቀንድ ቁራጭ አስነካ፤ ገማ፣ ጠቆረ፣ አልነደደም። ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንት አስነካ፤ እሱም ጠቆረ እንጂ አልነደደም። አቶ ሐብተማርያም ደህናውን ገጽ ከኪሳቸው ሲያወጡ ዘገዩ። አቶ ጦና ከጫፉ የጥፍር ያህል ሰብረው በእንጨት ያዙና ፍሙን ራሳቸው አስነኩት። ፍሽሽ! እንጨቱንም ጣሉት፤ ጢማቸውን በእጃቸው ዳበሱ፤ ጫፉ ትንሽ ተለብልቧል።

ብዙ ካሰቡ በኋላ «ዝሆን አይቼ አላውቅም» አሉ። «እንዲህ የሚነድድ ጥርስ ቢኖረው ግን ጫካው እስካሁን ባልተረፈ።»

ሰው ሳቀ። አቶ ሐብተማርያም «አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰው…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱም።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። አቶ ሐብተማርያም ቡዳ ያሉትን ቃል በሰው ፊት ያንሡ፤ ሻንቆ እጁ ሲድን አዲስ የቀንድ እጀታ ይሥራላቸው፤ ለእርቁ ደግሞ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይብላ። አቶ ሐብተማርያም ቃላቸውን አነሡ። ጥሩዬም ቆጮ፣ ሥጋና ዳጣ በርበሬ በትልቅ ገበታ አድርጋ መካከላችን አስቀመጠች።

ሻንቆ ገበታው አጠገብ ተቀመጠ። ሌላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አንደኛው ሽማግሌ ጾም ላይ ነኝ አሉ። ማክሰኞ መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው ሆዳቸውን ያዙ። ወልደመስቀል ፀጉር ቤቱን ክፍት ትቶ እንደመጣ ትዝ አለው። አቶ ጦና እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ፤ እጅ መታጠብ ያን ያህል ጊዜ ሊፈጅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሻንቆ ወደ እኔ አየ። እኔ «በልቻለሁ» አልኩ። እጁን አቃጥሎ ጨርቄን ካተረፈልኝ ገና ስድስት ቀኑ ነው። በልቻለሁ አልኩ።

አቶ ሐብተማርያም ቆመው ይህን ሁሉ ተመለከቱ። «ሥርዓቱ ምን ይላል?» ብለው አቶ ጦናን ጠየቁ።

«ሁለቱ ባለጉዳዮች አብረው ካልበሉ እርቁ አልጸናም» አሉ አቶ ጦና፣ እጃቸውን እየታጠቡ።

«ያልጸና ከሆነ ፋይሉ ክፍት ነው ማለት ነዋ?»

«እንደዚያ ነው።»

አቶ ሐብተማርያም ኮታቸውን አወለቁ፣ አጣጠፉ፣ ተቀመጡ። ከቆጮው ቆርሰው በዳጣ አጥቅሰው በሉ። ሻንቆ አልበላም። ቀኝ እጁ ፋሻ ውስጥ ነው፤ በግራ እጅ ወደ ጋራ ገበታ መግባት ደግሞ ነውር ነው። አቶ ሐብተማርያም ይህን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ቆጮውን በሥጋ ጠቅልለው ወደ ሻንቆ አፍ ዘረጉ። ሻንቆ ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛ አጎረሱት፤ ለሰነዱ ምሉዕነት ሦስተኛም ጨመሩ።

ዋርካው ሥር የሚሰማው የአቶ ጦና የእጅ ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱም ቆመ። ሽማግሌው በእርጥብ እጃቸው መጥተው ከሻንቆ ጎን ተቀመጡና አንዲት ቁራሽ አነሡ። «ዘገየሁ» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አላውቅም።

አቶ ሐብተማርያም ርቧቸው ኖሮ ገበታውን አጋመሱት።

ከዚያ በኋላ ከተማው የአቶ ሐብተማርያምን ጤና ይጠብቅ ጀመር። ቢሮ ሲገቡ ፊታቸውን የሚያይ፣ ሲወጡ አካሄዳቸውን የሚመለከት ሰው አይጠፋም። በሁለተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዛቸው፤ «አላልናችሁም?» ተባለ። ዳኑ። በሰኔ የደረጃ ዕድገት አገኙ። ያኔ ወሬው አቅጣጫውን ቀየረና ሁለት ሰዎች ሻንቆን ምሳ እንጋብዝህ አሉት። ሻንቆ «በልቻለሁ» አላቸው። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ መርፌዬ ላይ አቀረቀርኩ።

የሻንቆ እጅ ግን እንደነበረ አልሆነም። አመልካች ጣቱና የመካከለኛው ጣት አልታጠፍ አሉ። ፋሻው ከተፈታ በኋላ አንድ ወር ግንዱ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ከረመ። የሰው ምላጭ ይመጣል፤ በግራ እጁ ይቀበላል፣ ያሸታል፣ «ቆይ» ይላል። አንድ ቀን መጋዟን ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ጊዜ ስትወድቅበት አየሁ። አራተኛ አልሞከረም። ከረጢቱን አሥሮ በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ቀን ነው የሰፋሁት እጅጌ ተገልብጦ የተገኘው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱን ይዞ መጣ። ፈጠነች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ አጭር፣ ፈርጠም ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት። አማርኛዋ ከባሏ ይሻላል። ወልደመስቀል ከበሩ ላይ ሆኖ አያትና «ሴት ምላጭ ትሠራለች?» አለ።

«ምላጩን አይደለም፣ እጀታውን ነው» አለችው። «ለሚላጨው ሰው ለውጥ የለውም።»

ሻንቆ እጀታውን በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይይዛል፤ እሷ ትጭራለች፣ ትሞላለች። ማሰሮ አንገት ላይ ጭረት ስታወጣ ያደገች ስለሆነች እጇ አይስትም። የእሱ ቅጠል አሥር ደም ሥር ሲኖረው የእሷ ሃያ ነበረው። እሱ ይህን አይቶ «በዛች» አለ። እሷም «ቁጠረውና ጓሮ ካለው ጋር አስተያየው» አለችው። ማታ ሄዶ ቆጠረ መሰለኝ፤ በማግስቱ አላነሣውም።

የአቶ ሐብተማርያም አዲስ እጀታ ሲያልቅ ነው እውነተኛው ጠብ የተነሣው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው ቀንድ ነው። አቶ ሐብተማርያም መጥተው አዩና አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ቅጠሉስ?» አሉ።

«አልተሰነጠቀችም» አለ ሻንቆ።

ፈጠነች ቀና አለች። «እኔ ዕድሜ ልኬን ጌጥ የሠራሁት ጤነኛ ማሰሮ ላይ ነው። ማሰሮው ሲሰበር ነው እንዴ የሚያምረው?»

«ቀንድ ማሰሮ አይደለችም።»

«ሰውዬውስ? ቅጠል ፈልጎ ዕቃውን አራት ጊዜ የወረወረ ሰው አምስተኛ አይወረውርም?» አለችና እጀታውን ከባሏ ጉልበት መካከል መዝዛ ወሰደች። አቶ ሐብተማርያም ወደ ሰማይ ያዩ ጀመር። ሻንቆ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ቀኑን ሙሉ አላናገራትም። እሷም ቅጠሉን ሠርታ ጨረሰች። በወሩ ውስጥ ደህና ምላጭ ይዘው የሚመጡት የተሰነጠቀ ከሚያመጡት በለጡ። ሻንቆ ጤነኛውን እየያዘላት «ኃጢአቱ ያንቺ ናት» ይላት ነበር፤ አይለቅባትም ግን።

እኔ ከእነሱ ጋር የበላሁት ዘግይቼ ነው፤ ከእርቁ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ቆይቼ። የጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ወልደመስቀል ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፤ ጥሩዬም ለበዓሉ ዘግታለች። ፈጠነች የምሳ ቋጠሮዋን ፈትታ በእኔ፣ በእሷና በሻንቆ መካከል አስቀመጠችው። ብላ አላለችኝም። እሷ በላች፣ እሱም በቀሩት ጣቶቹ እንደምንም እያነሣ በላ። እኔ መኪናዬን አቆምኩ። ከጣሪያው በሚወርደው ውሃ እጄን አስነካሁና ቀርቤ ቆረስኩ። ቆጮው ቆጮ ነበር።

ከበላን በኋላ «ሻንቆ፣ ያን ቀን ስለ ጨርቁ…» አልኩት። ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ባለፉት ወራት ብዙ ጊዜ አዘጋጅቼው ነበር፤ አልመጣልኝም።

«የቱ ጨርቅ?» አለ ሻንቆ። ከልቡ ረስቶት ይሁን አይሁን ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ፈጠነች ቋጠሮዋን አጣጥፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔም ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳችን አንድ ሆነ። ወልደመስቀል ለብቻው ውስጥ ሁለት ሳምንት በላና ብቻ መብላት ሲሰለቸው ወንበሩን ይዞ ወጣ።

በ1957 ዓ.ም. ገደማ በወረቀት የተጠቀለለ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ በየሱቁ መጣ። ወጣቶቹ በየቤታቸው መስተዋት ፊት ራሳቸውን ይላጩ ጀመር፤ ፊታቸው ላይ ከደረሰው አንጻር ብዙዎቹ ወደ ወልደመስቀል ይመለሳሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ አልተመለሱም። እጀታ የሚያስጠግን ጠፋ። ፈጠነች የቀንድ ሚዶ መሥራት ጀመረች። ለእኔ ደግሞ የኮት ቁልፍ ትሠራልኝ ነበር፤ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ዳሩ ላይ ቀጭን የናስ ክብ ያለበት። ቁልፉን አይተው ኮት ያሰፉ ሰዎች አሉ።

በ1959 ዓ.ም. የፈጠነች ወንድም ዲምቱ ላይ ቦታ አገኘላቸውና ለመሄድ ተነሡ። የጭነት መኪናው ገበያው አጠገብ ቆሞ ሲጭን እኔና ወልደመስቀል ልንሸኛቸው ወጣን። ረዳቱ የቀንዱን ጆንያ አሸተተና «ይህ ከእህል ጋር አይጫንም» አለ። ሻንቆ ቀንድ ከታጠበች እንደማትሸት፣ ይህች ደግሞ ሁለት ጊዜ እንደታጠበች በትዕግሥት ያስረዳው ጀመር። ረዳቱም ስለ አፍንጫው ያስረዳል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ፈጠነች ጆንያውን በራሷ አንሥታ እህሉ ላይ ወረወረችውና ወጥታ ተቀመጠችበት።

«እንግዲህ እኔን ካወረድክ እሱም ይወርዳል» አለችው ረዳቱን።

ረዳቱ አያት፣ ተወው። ሻንቆ ባልተቃጠለው እጁ ጨበጠን፤ መጀመሪያ ወልደመስቀልን፣ ቀጥሎ እኔን። «ቁልፍ ስታልቅብህ በሰው ላክ፣ ስንት ቀዳዳ እንደሆነ ንገረኝ» አለኝና ተሳፈረ። መኪናው ወደ ቁልቁለቱ ሲዞር ከጆንያው ላይ ሆነው ባልና ሚስቱ ይከራከሩ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ አልሰማንም።